ስንዴው ሲበዛ ሰው ያነሰባት ከተማ

ከሜልቦርን ተነስቶ ወደ አደሌድ በመኪና የሚጓዝ ሰው የመንገዱን እኩሌታ ገደማ ሲጨርስ ኒል የምትባል ትንሽ ከተማ ያገኛል። ነዋሪዎቿ ሁለት ሺህ ገደማ ሲሆኑ፣ በሰፊው ዋና መንገዷ መሐል የአትክልት ስፍራ ተዘርግቶባታል፤ ከቤቶቿ ጣሪያ ሁሉ በላይ የስንዴ ጎተራዎቿ ከሩቅ ይታያሉ። አካባቢው ዊመራ ይባላል፤ በአውስትራሊያ፣ በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ምዕራብ የሚገኝ ሜዳማ የእህል አገር ነው። ከአፈሩ ብዙው ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ ከእግር ጋር የሚጣበቅ ከባድ ሸክላ ነው፤ የእኛ አገር ገበሬ ቢያየው መረሬ ነው ብሎ ያልፈዋል። ዝናቡ በዓመት 400 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛውም የሚዘንበው በክረምታቸው፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው።

ስለ አውስትራሊያ የገጠር ከተሞች መመናመን በተነሳ ቁጥር ድርቅ ቀድሞ ይጠቀሳል። ድርቁ እውነት ነው፤ የስንት ቤተሰብ ተስፋ እንዳደረቀም የአካባቢው ታሪክ ይመሰክራል። ነገር ግን የዊመራን ከተሞች ታሪክ በጥንቃቄ ለተመለከተ ሰው ዋናው ምክንያት ሌላ ሆኖ ይገኛል። እነዚህ ከተሞች ሰው ያጡት እርሻቸው ስለከሰረ ሳይሆን ስለተሳካለት ነው። ያው መሬት ዛሬ ከአያቶቻቸው ዘመን እጅግ የበለጠ እህል ይሰጣል፤ ያን እህል ለማምረት የሚያስፈልገው ሰው ግን ከዚያ ዘመን እጅግ ያነሰ ነው። ይህ ነገር ካልተጨበጠ ኒል ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ያደረገችው ነገር ለምን ትኩረት እንደሳበ መረዳት አይቻልም።

መሬቱ ከስንዴው በፊት ባለቤት ነበረው። የዎትጆባሉክ ሕዝብ በዊመራ ወንዝና በሐይቆቹ ዙሪያ ለሺህ ዓመታት ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1840ዎቹ በግ አርቢዎች መንጎቻቸውን እየነዱ ገቡ፤ የውኃ ጉድጓዶቹን ያዙ፤ አደኑም ሥራ ሥሩም ከበጎቹ እግር በታች ጠፋ። በሽታውና ግድያው ሕዝቡን ካመናመነው በኋላ የሞራቪያ ሚሲዮናውያን በ1859 ከዲምቡላ ከተማ በስተሰሜን ኤቤኔዘር የተባለ የሚሲዮን ጣቢያ አቋቋሙ፤ ጣቢያው በ1904 ተዘጋ፤ መሬቱም ለሰፋሪዎች ተከፋፈለ። ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2005፣ የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት የዎትጆባሉክንና የተዛማጅ ሕዝቦችን ነባር የመሬት መብት በወንዙ ዳርቻ በሚገኝ የመሬት ክፍል ላይ አጸና፤ በቪክቶሪያ እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። የተጸናው መብት ከጠቅላላው አገራቸው ጥቂቱን ብቻ የሚነካ ነው። ስለ ዊመራ ከተሞች «መሥራቾች» ሲነገር ይህን ዘሎ መነሳት አይገባም፤ ዛሬ ሰው አነሰባቸው የምንልባቸው ሜዳዎች አንድ ጊዜ ሰዎቻቸው እንዲወጡ የተደረጉባቸው ሜዳዎች ናቸውና።

ኒልን ከተማ ያደረጋት የ1869ኙ የቪክቶሪያ የመሬት ሕግ ነው። ሕጉ ለአንድ አመልካች እስከ 320 ኤከር፣ ማለትም እስከ 130 ሄክታር ገደማ መሬት እንዲይዝ ይፈቅድ ነበር፤ በምላሹም ባለይዞታው በቦታው ላይ እንዲኖር፣ አጥር እንዲያጥርና እንዲያርስ ያስገድደው ነበር። ዓላማው መሬቱን ከጥቂት በግ አርቢዎች አላቅቆ ለብዙ ቤተሰቦች ማከፋፈል ነበር። ውጤቱ በካርታ ላይ እስከ ዛሬ ይነበባል። በየ130 ሄክታሩ አንድ ቤተሰብ ሰፈረ፤ ቤተሰቦቹ ልጆች ስለነበሯቸው በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ገበሬው በፈረስ ጋሪ ሄዶ በዕለቱ መመለስ እንዲችል ከተሞቹ ተቀራርበው ተቆረቆሩ። ከሰፋሪዎቹ መካከል ከደቡብ አውስትራሊያ የተሻገሩ ጀርመናውያን ሉተራውያን ብዙዎች ነበሩ፤ አብያተ ክርስቲያኖቻቸው ዛሬም በየእርሻው ዳር ቆመው ይታያሉ። በ1887 የሜልቦርንና የአደሌድ የባቡር ሐዲዶች ሲገናኙ ኒል በመስመሩ ላይ ነበረች፤ ስንዴዋም ወደብ የሚደርስበት መንገድ አገኘ።

በእነዚያ ዓመታት ገበሬው የታገለው ከዝናቡ ጋር ብቻ ሳይሆን ከዛፉም ጋር ነበር። ከዊመራ በስተሰሜን ያለው ምድር ማሊ በሚባል አጭር ዛፍ የተሸፈነ ነበር። ማሊ የባሕር ዛፍ ወገን ነው፤ በምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ከመጣው ከነጩ ባሕር ዛፍ ጋር ዝምድናው ቅርብ ነው። ባሕር ዛፍ ቆርጦ በዓመቱ ሲያቆጠቁጥ ያየ ኢትዮጵያዊ የዚያን ገበሬ ጭንቀት ለመረዳት አይቸገርም፤ ልዩነቱ እኛ እንዲያቆጠቁጥ የምንፈልገውን እነርሱ እንዲሞት መፈለጋቸው ነው። ማሊ ከመሬት በታች ትልቅ ጉቶ ስላለው ቢቆረጥም ቢቃጠልም መልሶ ይበቅላል፤ ማረሻውንም እየሰበረ አስቸገረ። መፍትሔው በ1876 ከደቡብ አውስትራሊያ መጣ። ሪቻርድ ቦየር ስሚዝ የተባለ ሰው ጉቶ ሲገጥመው ተነስቶ የሚያልፍና ተመልሶ አፈር ውስጥ የሚገባ ማረሻ ሠራ። በ1884 ደግሞ ሂዩ ቪክተር ማኬይ የተባለ የቪክቶሪያ ወጣት የስንዴውን ዛላ የሚሸልት፣ የሚወቃና የሚያበጥር አንድ መሣሪያ ሞከረ፤ ከእርሱም በፈረስ የሚጎተተው የሰንሻይን ማጨጃ መጣ። በ1901 ዊሊያም ፋረር ፌዴሬሽን የተባለውን፣ ቶሎ የሚደርስና ለደረቅ ምድር የሚስማማ የስንዴ ዝርያ አወጣ። የፎስፌት ማዳበሪያም በዚያው ዘመን ተስፋፋ።

እነዚህ ግኝቶች እርሻውን አዳኑት፤ ምርቱም ጨመረ። በጊዜው ማንም በጎጂነታቸው አላያቸውም፤ ጎጂም አልነበሩም። ነገር ግን እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት አቅጣጫ ነበራቸው፤ አንድ ሰው ብዙ መሬት እንዲያርስ ያስችሉ ነበር።

ለውጡ እስኪያይል ድረስ ግን ዊመራ በሰው እጅና በፈረስ ጉልበት የተሞላ ነበር። ስንዴው በጆንያ ይሰፋ ነበር፤ አንዱ ጆንያ 82 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በባቡር ጣቢያው የሚያወርዱና የሚከምሩ ተሸካሚዎች በመኸር ወራት ከተማውን ያጥለቀልቁት ነበር። ኮርቻ ሰፊ፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ ጋሪ ሠሪ፣ የገብስና የገለባ ነጋዴ፣ ሆቴል ቤት፤ ሁሉም የሚኖሩት በፈረሱና በፈረሰኛው ዙሪያ ነበር። ኒል ለእነዚያ ከባድ የእርሻ ፈረሶች በ1968 በከተማዋ መሐል ሐውልት አቁማለች። ለፈረስ መታሰቢያ ማቆም ለእንግዳ ሰው የናፍቆት ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ያ ሐውልት ከተማዋ ስለራሷ የተናገረችው እውነተኛ ቃል ነው ብዬ አምናለሁ። ፈረሱ ሲሄድ እርሱን ይቀልቡ፣ ይጭኑና ጫማ ይመቱለት የነበሩት ሰዎችም ተከትለውት ሄደዋልና።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጊዜው ሌላ ሰው አመጣ። በኒል አውሮፕላን ማረፊያ ከ1941 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የአየር ኃይል አባላት ሠለጠኑ። የባሕሩ መንገድ በጦርነቱ ስለተስተጓጎለ ወደ ውጭ ያልሄደው ስንዴ ደግሞ ማከማቻ አጣ፤ በዚህ ምክንያት ከኒል በስተምሥራቅ በምትገኘው ሙርቶዋ በ1941 እና በ1942 መካከል 270 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ግዙፍ መጋዘን ተሠራ፤ ጣሪያውን የተሸከሙት 560 የባሕር ዛፍ ግንዶች ናቸው። መጋዘኑ ዛሬም ቆሟል፤ በ2014 በብሔራዊ የቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ውስጡ የገባ ሰው በረድፍ በረድፍ እስከ ጥግ የሚዘልቁትን ምሰሶዎች ሲያይ ከካቴድራል ጋር ማወዳደሩ የተለመደ ሆኗል።

ከጦርነቱ በኋላ የሆነውን በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። በ13 ሺህ ሄክታር ላይ በ1869ኙ ሕግ መሠረት 100 ቤተሰብ ሊሰፍር ይችል ነበር። ዛሬ በዊመራ ሁለት ወይም ሦስት ሺህ ሄክታር የሚያርስ ቤተሰብ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ያው ምድር ለአምስት ወይም ለስድስት ቤተሰብ ይበቃል። ዐሥራ ሁለት ሜትር ስፋት ያለውን ዛላ በአንድ ጊዜ የሚሸልት ኮምባይነር የሚነዳው አንድ ሰው ነው፤ መሪውንም አብዛኛውን ጊዜ የሚይዝለት ሳተላይት ነው። መሬቱን ደጋግሞ ማረስን ፀረ አረም መድኃኒት ተክቶታል፤ እርጥበቱ በአፈሩ ውስጥ እንዲቆይ ስለሚረዳ ደረቅ ዓመት እንኳ አንዳንዴ ምርት ይሰጣል። ከስንዴና ከገብስ ጎን ለጎን ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ካኖላ የሚባለው የዘይት ሰብል ይዘራል፤ በተለይ ምስር ከ1990ዎቹ ወዲህ ለዊመራ ገበሬ ከፍተኛ ገቢ የሚያስገኝ ሰብል ሆኗል። እርሻው በዚህ ሁሉ በዓለም ገበያ ተወዳዳሪ ሆኖ ቆይቷል። ከ100 ቤተሰብ ወደ ስድስት ሲወረድ ግን የሚጠፋው የገበሬ ቁጥር ብቻ አይደለም። ስድስቱ ቤተሰቦች የሚገዙት ዳቦ፣ የሚያስተምሩት ልጅ፣ የሚያስታምሙት በሽተኛ የመቶ ቤተሰብ ያህል ሊሆን አይችልም፤ ሀብታቸው የቱንም ያህል ቢያድግ የፀጉር አስተካካዩን ወንበር በመቶ ሰው ምትክ ሊሞሉ አይችሉም። በአውስትራሊያ እግር ኳስ አንድ ቡድን 18 ተጫዋች ያሰልፋል። በዊመራ የአንዲት መንደር ሕልውና ማብቃቱ መጀመሪያ የሚታወቀው 18 ወጣት አጥታ ቡድኗን ከጎረቤቷ ጋር ስታዋሕድ ነው፤ ለአካባቢው ሰው ይህ ከሱቅ መዘጋት የበለጠ የሚያም ነገር ነው።

በ1990ዎቹ ደግሞ የመንግሥትና የባንኮች ውሳኔ ተጨመረበት። የቪክቶሪያ መንግሥት 210 የነበሩትን የአካባቢ ምክር ቤቶች ወደ 78 አወረደ፤ የዲምቡላና የሎዋን አስተዳደሮች ተዋሕደው ሂንድማርሽ የሚባለው አስተዳደር የተወለደው በዚያን ጊዜ፣ በ1995 ነው። በክፍለ ግዛቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ትልልቆቹ ባንኮችም ቅርንጫፎቻቸውን ከትንንሽ ከተሞች አነሱ። ውሳኔዎቹን ያሳለፉት ሰዎች የቁጠባ ሒሳብ ነበራቸው፤ ሒሳቡም በየዘርፉ ሲታይ ትክክል ሊሆን ይችላል። ስሕተቱ እያንዳንዱ ተቋም ብቻውን መመዘኑ ነው። የምክር ቤቱ ጸሐፊ፣ መምህሩና የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ለትንሽ ከተማ ደመወዝተኛ ብቻ አይደሉም፤ የእሳት አደጋ ቡድኑ አባል፣ የቡድኑ አሠልጣኝና የሆስፒታሉ ቦርድ ጸሐፊም እነርሱው ናቸው። አንዱ ሲሄድ የሚጎድለው ብዙ ነው።

ለዚህ የተሰጠው ብርቱ መልስ የመጣው ከዚያው ከዊመራ መሆኑ መጠቀስ አለበት። ባንክ የሌላቸው ሁለት የስንዴ ከተሞች፣ ሩፓንዩፕና ሚንዪፕ፣ ከቤንዲጎ ባንክ ጋር ተዋውለው በሰኔ 1998 በአውስትራሊያ የመጀመሪያዎቹን የማኅበረሰብ ባንኮች ከፈቱ። ነዋሪዎቹ አክሲዮን ገዝተው ቅርንጫፉን ራሳቸው አቆሙት፤ ከትርፉም ከፊሉ ለአካባቢው ሥራ እንዲውል ተደረገ። አሠራሩ በኋላ በመላ አገሪቱ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛምቷል። በ2010 የተጠናቀቀው የዊመራ ማሊ የውኃ ቧንቧም እንደዚሁ የሚመሰገን ሥራ ነው፤ በትነትና በስርገት አብዛኛውን ውኃ ያባክኑ የነበሩ 17,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ክፍት ቦዮችን 8,800 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ቧንቧ ተክቷል። በ2016 መጀመሪያ ደግሞ ጊዶ ቫን ሄልተን የተባለ ሠዓሊ በብሪም መንደር ጎተራ ላይ የአራት የእርሻ ሰዎችን ግዙፍ ምስል ሥሎ ጨረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ባለ ሥዕል ጎተራዎችን የሚያገናኝ የጉብኝት መስመር ተፈጥሯል። ጎብኚ ግን ፎቶ አንስቶ፣ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። ባንክ፣ ውኃና ሥዕል ከተማዋን ለኑሮ የተመቸች ያደርጓታል፤ ትምህርት ቤቱን በልጅ የሚሞሉት ግን በውስጧ የሚኖሩ ቤተሰቦች ብቻ ናቸው።

ኒል የምትለየው እዚህ ላይ ነው። ከተማዋ በ1968 የተመሠረተ ላቭ አ ዳክ የሚባል የዳክዬ አርቢና አዘጋጅ ድርጅት አላት። በ2000ዎቹ መጨረሻ ድርጅቱ ለመስፋፋት ፈልጎ ሠራተኛ አጣ፤ የአካባቢው ወጣት ወደ ከተማ ሄዷል፣ የቀረውም ሥራ አለው። በሌላ በኩል በሜልቦርን ምዕራብ፣ ዌሪቢ በተባለው ሰፈር፣ ከምያንማር የተሰደዱ የካረን ሕዝብ አባላት ሰፍረው ነበር። ካረኖች በአገራቸው ለዐሥርት ዓመታት ከዘለቀው ጦርነት ሸሽተው ብዙዎቹ በታይላንድ ድንበር መጠለያዎች ረጅም ዘመን የቆዩ፣ አብዛኞቹም የገበሬ ልጆች ናቸው። በሜልቦርን ቋንቋው ገና ስላልገባቸውና የሥራ ልምድ ማስረጃ ስለሌላቸው ሥራ ማግኘት ከብዷቸው ነበር። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ጆን ሚሊንግተን ስደተኞችን ከሚያቋቁመው ኤምስ ከተባለው ተቋም ጋር ተነጋገሩ፤ በ2010 መጀመሪያ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሠራተኞች ወደ ኒል መጡ።

ይህ እስከዚህ ድረስ የተለመደ የጉልበት ቅጥር ታሪክ ሊሆን ይችል ነበር። የተለየ ያደረገው አፈጻጸሙ ነው። ሰዎቹ ከመወሰናቸው በፊት ቤተሰባቸውን ይዘው ከተማዋን አይተው እንዲመለሱ ተደረገ። የከተማው ነዋሪም አስቀድሞ ተነገረው፤ እነማን እንደሚመጡ፣ ለምን እንደተሰደዱ ተብራራለት። ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየጥቂቱ አደገ። ሚሊንግተንና ባለቤታቸው ማርጋሬት ቤት በመፈለግ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት በማስመዝገብ፣ ሐኪም ቤቱንና ሱቁን በማሳየት ብዙ ደከሙ። የከተማው የመማሪያ ማዕከል እንግሊዝኛ አስተማረ፤ ካረኖቹ የጓሮ አትክልት የሚያለሙበት የጋራ ቦታ ተገኘ፤ የሽመና ሙያቸውም ገበያ አገኘ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ160 በላይ ካረኖች በኒል ሰፈሩ፤ ይህም ከነዋሪው አንድ ዐሥረኛ የሚጠጋ ነው። ኤምስ ደሎይት ከተባለው አማካሪ ድርጅት ጋር በ2015 ያወጣው ጥናት በአምስት ዓመት ውስጥ ለአካባቢው 70.5 የሙሉ ጊዜ ሥራ የሚስተካከል ጭማሪና 41.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ የኢኮኖሚ ጥቅም እንደተገኘ አስልቷል።

ይህ የገንዘብ ቁጥር በየጋዜጣው ተጠቅሷል፤ ለእኔ ግን ዋናው ቁም ነገር የሥራዎቹ ቁጥር ነው፤ 70 ሥራ ለሜልቦርን ምንም አይደለም፤ ለኒል ግን የአንድ ትምህርት ቤት መቀጠልና አለመቀጠል ሊሆን ይችላል። በዚያው በሜልቦርን ምዕራብ ሰፈሮች ለሚኖረው ብዙ ኢትዮጵያዊም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፤ «ወደ ገጠር ብንሄድስ?» የሚለው ጥያቄ የቤት ኪራይ በተወደደ ቁጥር የሚነሳ ነውና። የአውስትራሊያ መንግሥትም ሰዎችን ከትልልቅ ከተሞች ለማራቅ ከኅዳር 2019 ጀምሮ ተቀባዩ በክልል አካባቢ እንዲኖርና እንዲሠራ የሚያስገድድ ቪዛ ይሰጣል። ነገር ግን በዚህ ሕግ መሠረት ከሲድኒ፣ ከሜልቦርንና ከብሪዝበን ውጭ ያለው በሙሉ «ክልል» ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላቸው ፐርዝና አደሌድ ጭምር። ምርጫ ያለው ሰው አደሌድን ትቶ ወደ ኒል የሚሄድበት ምክንያት ከቪዛው ውስጥ አይገኝም። ካረኖቹን ወደ ኒል የወሰዳቸው ግዴታ አልነበረም፤ እንደ ስደተኛ የትም መኖር ይችሉ ነበር። የወሰዳቸው ሥራው ነው፤ ያቆያቸው ግን አብረዋቸው የሄዱ ዘመዶቻቸው፣ ያገኙት ቤትና በር የከፈተላቸው ጎረቤት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሰዎቹ የመጡበትን መንገድ አይረሱትም ነበር።

አሁን ጭንቀቱ ቤት ላይ ነው። በስንዴ አገር ለዐሥርት ዓመታት አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው አልነበረም፤ የመሥሪያው ዋጋ ቤቱ ከሚሸጥበት ዋጋ ስለሚበልጥ ባንክም አያበድርም፣ ባለሀብትም አይደፍርም። ያሉት ቤቶች የቆዩ ናቸው፤ ከፊሎቹ በውርስ ተይዘው ባዶ ተቀምጠዋል። ስለዚህ በዊመራ ሆስፒታል ነርስ፣ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ትምህርት ቤት መምህር ፈልጎ ቢያገኝ እንኳ የሚያሳድርበት ቤት ያጣል። አንድ ዘመን ሰው ስለጠፋ ቤት ባዶ ይሆን ነበር፤ ዛሬ ቤት ስለጠፋ ሰው ሳይመጣ ይቀራል። የአካባቢ አስተዳደሮች ገንዘባቸው ትንሽ ነው፤ ግብር የሚሰበስቡት ከጥቂት ነዋሪ፣ መንገድ የሚጠግኑት ግን ለሰፊ ምድር ነው። ቤቱን ሊሠራ የሚችለው የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ነው ብዬ አስባለሁ፤ ከሜልቦርን ዳር አዲስ ሰፈር ለመዘርጋት ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ወደ እንዲህ ያሉ ከተሞች ቢዞር መንገዱ፣ ሆስፒታሉና ትምህርት ቤቱ አስቀድመው የተሠሩ ናቸውና።

ከቤቱ ቀጥሎ የሚመጣው የልጆቹ ጉዳይ ነው። በ2010 በወላጆቻቸው እቅፍ ወደ ኒል የገቡ የካረን ሕፃናት ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመጨረስ ላይ ናቸው። ከዚያ በላይ ለመማር የሚሹት እንደ ስንዴ ገበሬው ልጆች ሁሉ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ሆርሻም፣ ወይም ወደ ባላራትና ወደ ሜልቦርን መሄድ አለባቸው። ወላጆቻቸው ዳክዬ ቤት የሠሩት ልጆቻቸው ዳክዬ ቤት እንዳይሠሩ ነው፤ ይህ የማንም ስደተኛ ወላጅ ምኞት ነው። ከሄዱት ስንቱ ነርስ፣ መምህር ወይም መካኒክ ሆነው እንደሚመለሱ የሚወሰነው፣ በሚመለሱበት ቀን በኒል የሚጠብቃቸው ሥራና የሚገቡበት ቤት መኖሩ ላይ ነው።